ቤት ቁጥር አርባ ሰባት

የሰው ግድግዳ ስትለስን ኖራ የራሷ ግድግዳ ያልነበራት አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች። ከሦስት ልጆቿ ጋር በሰው ቤት በደባልነት ተጣብቃ የቤት ዕጣ ስትጠብቅ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት።

አንድ ቀን የከተማው የቤቶች ኃላፊ ኢንጂነር ልዑልሰገድ "ስለ ቤት ችግር እንወያይ" ብለው ነዋሪውን አዳራሽ ሰበሰቡ። ጠረጴዛው ላይ ወደፊት የሚገነባው ሰፈር ከካርቶን ተሠርቶ፣ በየቤቱ ቁጥር ተለጥፎበት ተቀምጧል። ካርቶኑ በየዓመቱ ከመጋዘን እየወጣ አቧራው ይራገፍለታል እንጂ የመሠረት ጉድጓድ እንኳ አልተቆፈረለትም።

ሴትዮዋ እጇን አወጣች። ካርቶን ማሳየቱ ይቅርና የግንባታ ደንቡ ይሻሻል፤ ድሃው ተደራጅቶ በትንሽ ቦታ ላይ ፎቅ እንዲሠራ ይፈቀድለት ልትል ነው። ኢንጂነሩ ግን አላስጀመሯትም።

"መጀመሪያ ስምና ቤት ቁጥር!"

"ቤት የለኝም እኮ ጌታዬ፤ የመጣሁትም ለዚሁ ነው።"

"ቤት ቁጥር የሌለው ነዋሪ አይደለም፤ ነዋሪ ያልሆነ ደግሞ እዚህ አይናገርም። ደንብ ነው!"

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ ጎንበስ አለችና ከካርቶን ቤቶቹ አንዱን በጣቷ ነካ አደረገች።

"እንግዲያው ቤት ቁጥር አርባ ሰባት ብለው ይመዝግቡኝ።"

ኢንጂነሩ ከት ብለው ሳቁ። "አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ እኮ ካርቶን ነው! ሰው አይኖርበትም!"

"እኔም እጄን ያወጣሁት ይህንኑ ልናገር ነበር" አለች። "እርስዎ ቤት ቁጥር ስላለዎት ቀደሙኝ።"