ኬብሉ ሳይታይ የተፈረደባት አህያ

አንድ ጊዜ፣ ምንጩ ሁሉ በደረቀበት በጋ፣ የአንድ ጫካ እንስሳት ጥማቸውን የሚቆርጡት ከአንድ ጉድጓድ ብቻ ነበር። ውሃውን የሚስበው ፓምፕ ነው፤ ፓምፑን የሚያዘው ደግሞ ዋሻ ውስጥ የተቀመጠ ኮምፒውተር። ፕሮግራሙን የጻፈችው አህያ ስትሆን፣ ከዋሻው እስከ ጉድጓዱ ኬብል የዘረጋችው ቀበሮ ነበረች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮምፒውተር ብቻውን እጅም ጆሮም የለውም። እጁም ጆሮውም ከውጭ የሚሰኩበት ዕቃዎች ናቸው። በዚያ ኬብል ውስጥ አንደኛው ሽቦ «ውሃ ሳብ» የሚለውን ትእዛዝ ይዞ ይሄዳል፤ ሌላው «እሺ፣ ስቤያለሁ» የሚለውን መልስ ይዞ ይመጣል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፓምፑ ዝም አለ። ስክሪኑ ላይ «መልስ የለም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እንስሳቱ ባዶውን ገንዳ ከበው ሲያጉረመርሙ አንበሳ መጣና «የማን ጥፋት ነው?» አለ።

ቀበሮ ቀድማ አፏን ከፈተች። «ጌታዬ፣ እኔ የዘረጋሁት ሽቦ ነው። ሽቦ ምን ያውቃል? የሚያስበው ፕሮግራሙ ነው፤ የሚሳሳተውም የሚያስበው ነው።»

«እውነቷን ነው፤» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «የጻፈችው ትበላ።»

«ትጠየቅ ለማለት ፈልጎ ነው፤» ብላ ቀበሮ አረመችለት።

«አይ፣ ትበላ ነው ያልኩት።»

አንበሳ ጉሮሮው ደርቆ ነበርና ብዙ አላሰበም። «አህዪት፣ ፀሐይ አናታችን ላይ እስክትደርስ ውሃ ካላመጣሽ የአያ ጅቦ ነሽ።»

አህያ ፕሮግራሟን ከላይ እስከ ታች ፈተሸች። ትናንት ሲሠራ የዋለ ነው፤ አንዲት ፊደል አልተነካችም። እንደገና ፈተሸች። ጅብ ከኋላዋ ቁጭ ብሎ ታፋዋን እያየ «አይዞሽ፣ ብዙ አትጨነቂ፤ ስትጨነቂ ሥጋሽ ይጠነክርብኛል» ይላታል። እሷን ያንገበገባት ግን የጅብ ጥርስ ብቻ አልነበረም። ያን ሁሉ ሰዓት ኬብሉን ለማየት አንገቱን ያዞረ አንድ ፍጡር እንኳ አልነበረም። ፕሮግራም ስለማይታይና ስለማይዳሰስ የሌላው ጥፋት ሁሉ እሱ ላይ ይለጠፋል ማለት ነው?

«ጌታዬ፣» አለች ብድግ ብላ፣ «ከመበላቴ በፊት በገደል ማሚቶ ልፈትነው።»

«ደግሞ ምን ልትቀባጥሪ ነው?» አለች ቀበሮ።

«ገደል ፊት ቆመሽ ስትጮኺ ድምፅሽ ይመለስ የለም ወይ፣ እመት ቀበሮ? ኮምፒውተሩም የሚናገርበትን ጫፍ ከሚሰማበት ጫፍ ጋር ካገናኘሁት የራሱን ቃል መልሶ መስማት አለበት። ከሰማ አፉም ጆሮውም ደህና ነው፤ ፕሮግራሜም ደህና ነው።»

ኬብሉን ከኮምፒውተሩ ነቀለችና የኮምፒውተሩን መናገሪያና መስሚያ ጫፎች በአጭር ሽቦ አገናኘች። «ሰላም» ብላ ጻፈች። ስክሪኑም «ሰላም» ብሎ መለሰ።

ከዚያ ኬብሉን መልሳ ሰካች። ጉድጓዱ ዘንድ ወርዳ ከፓምፑ ነቀለችውና በዚያኛው ጫፍ ያሉትን ሁለቱን ሽቦዎች እንደዚያው አገናኘቻቸው። ተመልሳ መጥታ «ሰላም» ብላ ጻፈች። ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ቀረ።

«ቃሉ ከዋሻው ወጥቷል፤ መንገድ ላይ ግን ጠፍቷል፤» አለች። «መንገዱን የሠራው ማን ነው?»

ቀበሮ ጆሮዋን ማከክ ጀመረች። እንስሳቱ ኬብሉን ተከትለው ሄዱ። አንድ ቁጥቋጦ ሥር ሲደርሱ ሽቦው ተበጥሶ አገኙት። ሽፋኑ ላስቲክ መሆን ሲገባው የበሬ ቆዳ ነበር፤ ላስቲኩን ቀበሮ ለጎሬዋ ጣሪያ አውላዋለች። ቆዳውም ተግጧል።

«ይህን የጋጠ ማን ነው?» አለ አንበሳ።

«እኔ አይደለሁም፤» አለ ጅብ ማንም ሳያየው። «ያ ሽቦ ጥርስ መሃል ሲሰነቀር እንዴት እንደሚያም ብታውቁ እንዲህ አትጠረጥሩኝም ነበር።»

ሁሉም ሳቀ፤ አህያ ብቻ አልሳቀችም። አንበሳ ጅብን በጥፊ አጋድሞ፣ ቀበሮን ላስቲኩን ከጣሪያዋ አውርዳ እንድታመጣ አዘዘና ወደ አህያ ዞረ። «በይ ቀጥይውና ውሃ ይምጣ።» ሌላ ምንም አላላትም። ልትበላ የነበረችውን አህያ!

«አልቀጥልም፤» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ጥፋተኛ ነሽ ያሉኝ በአደባባይ ነው ጌታዬ። አይደለሽም የሚለውም በአደባባይ ይነገርልኝ። አለበለዚያ ነገ ፓምፑ ጉንፋን ቢይዘው እንኳ የምበላው እኔው ነኝ።»

አንበሳ አገሳ። አህያ ንቅንቅ አላለችም። ባዶውን ገንዳ አየ፤ ከንፈሩን በደረቀ ምላሱ ላሰ።

«ፕሮግራሙ ጥፋት አልነበረበትም፤» አለ በአፍንጫው።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

«ፕሮግራሙ ጥፋት አልነበረበትም፤» አለ ጮክ ብሎ። «ጥፋቱ ሳላይ የፈረድኩት የእኔ ነው።»

ያን ጊዜ አህያ ጎንበስ ብላ ሽቦውን መቀጠል ጀመረች።

ከዚህ የምንማረው፣ ነገር ሲበላሽ በዓይን በማይታየው ሥራ ላይ ከመፍረድ በፊት በእጅ የሚዳሰሰውን መፈተሽ እንደሚገባ፣ በአደባባይ የጠፋ ስምም በአደባባይ ካልተመለሰ በደሉ እንዳላበቃ ነው።