በእመት ጦይባ ጉልበት የተለካው ደረጃ

የጡሌን ተራራ ደረጃ የወጣ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ቅሬታ አንድ ነው፤ መርገጫዎቹ ከመጠን በላይ ዝቅ ያሉ ናቸው። እግረ ረጅም ጎልማሳ አንድ በአንድ ልርገጥ ቢል ይንቀረፈፋል፣ ሁለቱን ልዝለል ቢል ደግሞ ስፋታቸው አይመቸውምና ይደናቀፋል። ስለዚህ ከከተማ የሚመጡት ወጣቶች ገና ከግማሹ ሳይደርሱ «ይህን የሠራው ሰው ልኬት አያውቅም እንዴ?» ማለት ይጀምራሉ። የአገሩ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ልኬትስ ያውቃል፤ የማን እግር እንደተለካ የማያውቁት እነሱ ናቸው።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ድሮ ወደ ጡሌ አናት የሚያወጣ መንገድ አልነበረም፤ መውጣት የፈለገ ሰው ዓለቱን በእጅ በእግሩ እየቧጠጠ ነበር የሚወጣው። አናቱ ላይ አበጋሩ ይኖሩ ነበር። አበጋር በወሎ ምድር ደም የሚያደርቅ፣ የገዳይንና የሟችን ወገን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው፤ የዚያን ዘመኑ አበጋር ይማም ይባሉ ነበር። ከተራራው በስተምሥራቅ የሀሮዬ ሰዎች፣ በስተምዕራብ የጨፎ ሰዎች ይኖራሉ፤ አናቱ ግን የማንም ስላልነበረ የሁለቱ መንደሮች እርቅ የሚፈጸመው እዚያ ብቻ ነበር ይባላል።

አንድ በጋ የሀሮዬው አራጌና የጨፎው ሰይድ በመስኖ ውሃ ተራ ተጣሉ። ማሳቸው ኩታ ገጠም ስለነበር አብረው ያደጉ ናቸው። አራጌ በንዴት በያዘው ዱላ አንድ ጊዜ ቢሰነዝር ሰይድ ወድቆ ቀረ። አራጌም በድንጋጤ ሮጦ ጡሌ አናት ላይ ወጣና አበጋሩ እግር ላይ ወደቀ። በሥርዓቱ መሠረት ተራራው ላይ እስካለ ማንም አይነካውም፣ ደሙ ሳይደርቅም ከተራራው አይወርድም። አበጋር ይማም የጨፎን ሰዎች እስከ አዝመራ ድረስ እጃቸውን እንዲሰበስቡ አስማሏቸው። አዝመራው እስኪገባ እርቅ ካልወረደ መሐላው ይፈታል፣ የአራጌም ከለላ ያበቃል፤ ከእሱ በኋላ የስንት ሰው ደም እንደሚፈስ አላህ ብቻ ነበር የሚያውቀው።

ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በሰይድ እናት በእመት ጦይባ አፍ ላይ ነበር። የሟች እናት ራሷ አናቱ ላይ ቆማ ካልማረች እርቅ የለም። በቃሬዛ ወይም በሰው ጀርባ የመጣ ሰው ምሕረት ደግሞ አይቆጠርም፣ ተገዶ ይሆናልና። ለዚህም ነው አበጋሩ የመጣውን ሁሉ አስቀድመው «ማን አመጣህ?» የሚሉት፤ መልሱም «እግሬ» ነው። እመት ጦይባ ግን ልጃገረድ ሳሉ እንጨት ለቀማ ሄደው ከገደል በመውደቃቸው ግራ ጉልበታቸው ተሰብሮ፣ ተጣሞ ነው የዳነው።

የአራጌ አባት አያ ሸጋው እንደ ወጉ ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው እመት ጦይባ ደጃፍ ላይ ተንበረከኩ።

«ልጄን ይማሩልኝ፣ እመት» አሉ።

«ልማረው እንደሆነ አላውቅም» አሉ እመት ጦይባ። «አልዋሽዎትም። ግን ብምርም ባልምርም ቃሌን የምሰጠው እዚያ ላይ ነው። መውጫ ሥሩልኝ።»

የሀሮዬ ሰዎች በድንጋይ ሥራ የታወቁ ነበሩ፤ ቀጥ ባለ ዳገት ላይ እርከን ሠርተው የሚያርሱ ናቸው። በእነሱ ዘንድ እርከኑ ከፍ ባለ መጠን የባለቤቱም ስም ከፍ ይላል፣ የሚለካውም ከመንደሩ ጎረምሶች በቁመቱ አንደኛ በሆነው ልጅ ቅልጥም ነበር። ደረጃውንም እንደዚያው ለኩት። ክፉ ያሰበ የለም። እንዲያውም እመት ጦይባን እናክብር ብለው ድንጋዩን እየጠረቡ፣ ጥግ ጥጉን እያስተካከሉ፣ ከፍታውን ከማሳቸው እርከን እንኳ አስበልጠው ነበር። ሰው የሚኮራበትን ሥራ ሲያገኝ ለማን እንደሚሠራው ይረሳል፤ እነሱም ረሱ።

የታችኛው ክፍል ሲያልቅ እመት ጦይባ ተጠርተው መጡ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ከምርኩዛቸው ጋር ታግለው ወጡት፤ ሁለተኛው ላይ ላብ አጠመቃቸው፤ ሦስተኛው ላይ እግራቸውን ቢያነሱ ቢያነሱ አልደርስ አለ። ቁጭ አሉና የተሰለፈውን ጎረምሳ አንድ በአንድ አዩት።

«እርከናችሁ ያማረ ነው» አሉ። «ጤፍ ዝሩበት።»

ተነሥተውም ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ይህች ንግግር ሀሮዬን አበገነች። «ድሮም መማር አልፈለገችም፤ ጉልበቷን ሰበብ አደረገች» ተባለ። አያ ሸጋው ሳይቀሩ መዶሻቸውን ጥለው፣ አኩርፈው ቤታቸው ገቡ። በጨፎ በኩል ደግሞ «እናታችን ላይ አላገጡባት» ተባለና ጦሩን የሚስለው በዛ፤ ማሽላውም መቅላት ጀምሮ ነበር።

አራጌ ይህን ሁሉ ከላይ ሆኖ ያይ ነበር። ስንቁ በቅርጫት ሆኖ በገመድ ይጎተትለት ስለነበር፣ አባቱ ስንቅ ይዘው የመጡ ዕለት ቁልቁል ጮኸባቸው።

«አባ፣ አፍርሱት! ሰይድ እናቱን ይዞ ሲሄድ አይታችሁ አታውቁም? እሱ ከፊት ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ እሳቸው ትከሻውን ይይዛሉ። ጉብታ ሲያጋጥመው ቆሞ ያስተካክልላቸው ነበር። በእሳቸው እግር ለኩ! ልኬቱንም ለእኔ ስደዱልኝ፤ ከላይ ወደ ታች እኔ እሠራለሁ።»

አያ ሸጋው አፈሩ። በማግስቱ ቀጥ ያለ የወይራ በትር ይዘው እመት ጦይባ ቤት ሄዱና «ሳያምዎት እስከየት ያነሱታል?» ብለው ጠየቁ። እመት ጦይባ እግራቸውን ጥቂት ከፍ አደረጉ፤ በትሩም እዚያው ላይ ተቆረጠ። በዚያው ልክ ሌላ በትር ተቆረጠና ከስንቁ ጋር ወደ አራጌ ተጎተተ።

ያ ያማረ እርከን ፈረሰ፤ አባት ከታች፣ ልጅ ከላይ ሆነው ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ። እመት ጦይባ ጠዋት ጠዋት እየመጡ አዲሱን መርገጫ ይሞክሩ ነበር ይባላል። አንዳንድ ቀን ረግጠውት «ይሁን» ይላሉ፣ አንዳንድ ቀን ሳይረግጡት ይመለሳሉ። አንድ ቀን ግን አለ የተባለ መርገጫ ላይ ቆመው ምርር ብለው አለቀሱ፤ ይህን ሊያደርግላቸው ይገባ የነበረው ልጃቸው ነዋ። የሀሮዬ ሰዎች ሥራቸውን አቁመው፣ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ።

ማሽላው ለአጨዳ በደረሰበት ሳምንት የአንድ ድንጋይ ክፍተት ብቻ ቀረ። አራጌ የመጨረሻውን ድንጋይ ተሸክሞ ከላይ ወረደ፤ እመት ጦይባ ከታች ቆመዋል። ከሰይድ ሞት ወዲህ ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነበር። አራጌ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም፤ ተንበርክኮ ድንጋዩን አስቀመጠ። እግራቸውን አነሡ።

«ከፍ ብሏል» አሉ።

ድንጋዩን አንሥቶ ከሥሩ ያለውን አፈር በእጁ ዛቀና መልሶ አስቀመጠው።

«አሁንም።»

እንደገና ዛቀ። ጣቶቹ ደምተው ነበር ይባላል። በዚህ ጊዜ እግራቸው ደረሰ፤ ነገር ግን ሲረግጡ ያ ደካማ ጉልበት ከዳቸውና ተንገዳገዱ፣ እጃቸውም የቀረበለትን ያዘ። የአራጌ ትከሻ ነበር። እመት ጦይባ ወዲያው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ እጃቸውን ግን አላነሡም።

«በል ቀስ ብለህ ውጣ» አሉት።

አናቱ ላይ የሁለቱ መንደር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። አበጋር ይማም እንደ ሥርዓቱ «ማን አመጣዎት?» ሲሉ ጠየቁ። እመት ጦይባ «እግሬ» ብለው ቢያበቁ ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር።

«እግሬ አመጣኝ» አሉ። «እግሬ ሲያቅተው ደግሞ የአራጌ ትከሻ።»

ሸንጎው ተንጫጫ። አንድ የጨፎ ሽማግሌ «ተደግፋ ነው የመጣችው፤ ምሕረቷ አይቆጠርም!» ብለው ተነሡ። አያ ሸጋው ፊታቸው አመድ መሰለ። ያን ጊዜ እመት ጦይባ ተቆጡ።

«እጄን ጎትቶ ትከሻው ላይ ያሳረፈው ማን ነው? እኔው ነኝ። ስወድቅ ያዝኩት እሺ፤ ከቆምኩ በኋላስ? መልቀቅ እየቻልኩ አልለቀቅኩትም። ምሕረት ይኼ ካልሆነ ምን እንደሆነ እናንተ ንገሩኝ!»

የተነሡት የጨፎ ሽማግሌ ተመልሰው ተቀመጡ። አበጋር ይማም እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ፤ ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ እጃቸውን ዘረጉ። ደሙ ደረቀ።

አራጌ ከዚያ ወዲህ የእመት ጦይባን ማሳ እያረሰ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ጧራቸው ይባላል። ሁልጊዜ ፊት ሰጡት የሚል ግን የለም፤ ሰይድ ትዝ ሲላቸው ፊታቸውን የሚያዞሩበት ቀን ነበር። እሱ ግን ያን ቀንም አርሶ ይመለስ ነበር።

ዛሬ ወደ ጡሌ ሰው የሚወጣው ለሽርሽርና ለፎቶ ነው። ጥያቄው ግን አልቀረም። አናቱ ላይ ከሚቀመጡት አዛውንት አንዱ የመጣውን ሁሉ «ማን አመጣህ?» ይላል፤ እንግዳውም «እግሬና የእገሌ ትከሻ» ብሎ አብሮት የወጣውን በስሙ ይጠራል። «ብቻዬን ነኝ» ያለ ሰው ጥቂት ወርዶ ሌላ ሰው ይዞ እንዲመጣ በትሕትና ይነገረዋል።

እኔም አንድ ጊዜ ሁሉን ቀድሜ፣ ደረቴን ነፍቼ አናቱ ላይ ብደርስ ሰው ይዘህ ና ተብዬ ወደ ታች ተመለስኩ። እየተነጫነጭኩ ስወርድ መካከሉ ላይ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ገና ሰላም ሳልላቸው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት።

«ስምህን ንገረኝ እንጂ ልጄ» አሉኝ። «ላይ ስንደርስ እጠየቃለሁ።»