ገበጣ የሠራችው አህያና በር ላይ የጠበቃት ጅብ

አንድ ጊዜ… ኪኪኪ! ቆዩ፣ ሳቄን ልጨርስ! አንድ ጊዜ አያ ጅቦ እራቱን በገዛ አፉ አስመለጠ። እንዴት አድርጎ እንዳስመለጠ አሁን አልነግራችሁም፤ ዋናው ነገር ወደ ኋላ ነው፣ ሆዳችሁን ይዛችሁ ጠብቁ።

አንበሳ በጫካው መሀል ትምህርት ቤት ከፈተ። ምን ትምህርት ቤት መሰላችሁ? የኮምፒውተር! እዚያ የሚማሩት ኮድ መጻፍ ነው። ኮድ ማለት እንግዲህ ለኮምፒውተር የሚጻፍ ትእዛዝ ነው። ሂድ ሲሉት ይሄዳል፣ አቁም ካላሉት አያቆምም፤ የራሱ ሐሳብ ብሎ ነገር የለውም።

አንበሳ ትምህርት ቤቱን ሲከፍት እንዲህ ብሎ አዋጅ አስነገረ፦ «ተማሪ አይበላም! በተማሪ ላይ ጥርሱን ያሳረፈ እኔን ያገኛል። ተምሮ የሚሠራ ነገር ሠርቶ ያሳየኝ ደግሞ ዕድሜ ልኩን አይነካም። ትምህርቱን ጥሎ የወጣ ግን… እንግዲህ እንደ ድሮው ነው።»

እንደ ድሮው ማለት ምን ማለት እንደሆነ አህያ ታውቃለች። ጅብማ በደንብ ያውቃል! ስለዚህ እመት አህዪት በማግስቱ ማልዳ ሄዳ ተመዘገበች። ጅብ ይህን ሲሰማ ወደ ቀበሮ ሮጠ። የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ቀበሮ ነበርና።

«ቀበሮ ወንድሜ፣ አለቀልኝ! ያቺ የመሰለች ሥጋ ተማሪ ሆነችብኝ!»

«አትቸኩል አያ ጅቦ» አለ ቀበሮ ጢሙን እየዳበሰ። «ማባረር የለ፣ መንከስ የለ። እኔ አሰለቻታለሁ። የሰለቸው ተማሪ በገዛ እግሩ ይወጣል። አንተ በር ላይ ሆነህ መጠበቅ ብቻ ነው። ጉበቷ ግን የእኔ ነው።»

«ጉበቷ?» የጅብ ዓይን እንባ አቀረረ። «ግማሹ አይበቃህም?»

«ሙሉውን!»

«እሺ በቃ፣ ብላው። በልተህ ስትጨርስ ግን ትመልስልኛለህ።»

ቀበሮ እንደ ትራስ የወፈረ መጽሐፍ አምጥቶ አህያ ፊት ዘፍ አደረገው። «ይህን በቃልሽ ያዢ። መጠየቅ የለም፣ መሳቅም ክልክል ነው» አላት።

መጽሐፉ ደምር ይላል፣ ቀንስ ይላል፣ እንደገና ደምር ይላል። ምን እንደሚደመር፣ ለማን እንደሚደመር አይናገርም። ምስኪን አህዪት! እያነበበች ጆሮዋ ይወድቃል፣ ጆሮዋን ስታነሳ ዓይኗ ይከደናል። ከትምህርት ስትወጣ ደግሞ ጅብ በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል።

«እመት አህዪት፣ እንዴት ዋልሽ? ትምህርቱ አልሰለቸሽም?»

«ኧረ ሰልችቶኛል።»

«እሰይ! ተይዋ እንግዲህ!»

«ነገም እመጣለሁ።»

«ነገም እኮ ይሰለችሻል፣ የኔ ቅቤ!»

ጅብ ጥበቃው ሲረዝምበት መሬቱን በጥፍሩ ቆፈር ቆፈር ያደርግና ጠጠር ለቅሞ ገበጣ ይጫወታል። ብቻውን ይጫወታል፣ ብቻውን ይሸነፋል፣ ከዚያ ደግሞ «አጭበርብረሃል!» ብሎ ከራሱ ጋር ይጣላል።

አንድ ቀን አህያ መጽሐፉ ላይ ተደፍታ ስታንጎላጅ ዝንብ አፍንጫዋ ላይ አረፈ። እፍ አለችው፣ ተመልሶ መጣ። እንደገና እፍ አለችው፣ እንደገና መጣ። ያኔ አንድ ነገር ብልጭ አለላት፦ «ቆይ፣ ይሄን ኮምፒውተር ዝንብ አሳየኝ ብለው ያሳየኝ ይሆን?»

ሞከረች። የመጀመሪያው ዝንብ እግሩ ጀርባው ላይ በቀለ። አህያ ስታየው መሳቅ ክልክል መሆኑን ረስታ በሳቅ አናፋች! እግሩን አስተካከለች፤ ክንፍ ሰጠችው፤ በረረ። አንዴ በርሮ ግን ቀረ። እንደ እውነተኛው ዝንብ እየተመላለሰ እንዲያስቸግር ፈለገች። ለዚህ ደግሞ «ድገም» የምትባለዋ ትእዛዝ ታስፈልጋለች። እና ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ያንን ዓይኑን ማየት ያስጠላትን መጽሐፍ ራሷ ጎትታ፣ ራሷ ገልጣ፣ «ድገም የት ናት? የት ነው የደበቋት?» እያለች ፍለጋ ገባች። ስንት ጊዜ አንብባት ያልገባቻት ትእዛዝ ያን ቀን ጥርት ብላ ገባቻት። ጎሽ የኔ ጎበዝ! ምሳዋን እንኳ ረሳችው፣ አህያ ሣር ረሳች ስላችሁ!

ጅብ ከውጭ ሳቋን ሰምቶ ቀበሮን በአጥር ቀዳዳ ጠራው። «ቀበሮ! ሴትዮዋ ትስቃለች እኮ! የምትስቅ አህያ መቼ ልትወጣልኝ ነው?»

ቀበሮ ገባና ዝንቧን ከነክንፏ አጠፋት። «ይሄ ጨዋታ ነው፣ ትምህርት አይደለም!» ብሎ ጮኸባት።

እመት አህዪት ግን አላለቀሰችም። «ግድ የለም ጋሼ ቀበሮ። ዝንቧን አጠፏት እንጂ አሠራሯ እዚህ ነው ያለው» ብላ ግንባሯን በኮቴዋ ነካ ነካ አደረገች። ይህቺን አህያ አለማድነቅ ይቻላል?

ወዲያው በመስኮት የጅብ ጠጠር ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማች። «ገበጣን ብሠራውስ?» አለች። ከዚያ ወዲያ የቀበሮን መጽሐፍ በክፍል ሰዓት ማንበብ፣ ገበጣዋን በዕረፍት ሰዓት መሥራት ሆነ ሥራዋ። ጉድጓዶቹን ሣለች፣ ጠጠሮቹን ደረደረች፣ ጠጠር አንስቶ አንድ በአንድ የሚያድለውን ትእዛዝ ጻፈች። በመጨረሻ ጀምር አለችው።

ጀመረ! ጠጠሮቹ ዞሩ። ዞሩ፣ ዞሩ፣ ዞሩ… ማቆም የለም! ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ! ይህን ብታስተካክል ይዞራል፣ ያን ብትነካካ ይዞራል። ዛሬም ይዞራል፣ ነገም ይዞራል። ገበጣ እኮ ተራ አለው፤ የማይቆም ከሆነ ሌላው ተጫዋች መቼ ሊጫወት ነው?

ቀበሮ የጠበቀው ይህችን ቀን ነበር። ቀስ ብሎ ጆሮዋ ሥር መጣና «አየሽ እመት አህዪት፣ ይሄ ለአንቺ አልተፈጠረም። የአንቺ ነገር ጭነት ነው። ራስሽን አታሠቃዪ፤ በሩ ያውልሽ» አላት።

አህያ ጠጠሮቹን አየቻቸው። ራሷ ዞረ። «እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ጭነት ይሻለኛል» አለችና ጆሮዋን ጥላ ወደ በሩ ሄደች።

ጅብ ሲያያት ቅጠል አነጠፈ። ሚጥሚጣውን አወጣ። «ነይ የኔ ቅቤ! አይዞሽ! ሦስቱ እግርሽ ወጥቷል፣ አንዷ ብቻ ቀረች!» አለ ለሃጩ እየተንጠባጠበ። ቀበሮም ስለ ጉበቱ እያሰበ ከኋላዋ ቆሟል።

አህያ ግን ኮምፒውተሩን ሳታጠፋው ነበር የወጣችው። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል። ጅብ አንገቱን መዝዞ በመስኮት አየ። አየና ሚጥሚጣውን ጣለው።

«ምንድን ነው ይሄ? ያጭበረብራል!» ብሎ ጮኸ። «የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ወደቀች እኮ! ማቆም ነበረበት! ሌባ!»

«ዝም በል አያ ጅቦ!» አለ ቀበሮ።

«ዝም አልልም! ገበጣ ላይ ሌብነት አልወድም!»

«ጉበት! ጉበት ነው እኮ የምልህ!»

«ጉበትም ቢሆን! ባዶ ላይ ከወደቀች ይቁም!»

የአህያ ጆሮዎች ቀጥ አሉ። «ምን አልክ አያ ጅቦ?»

«ባዶ ጉድጓድ ሲያገኝ ይቁም ነው የምልሽ፣ አንቺ ደንቆሮ!»

«አቁም አላልኩትማ!» አለች አህያ። ሦስቱን እግሯን መልሳ በአንድ ዝላይ ገባች። «ባዶ ከሆነ አቁም» ብላ ጻፈች። ጠጠሮቹ ዞሩ፣ ዞሩ… ቀጥ! ኧረ እልልታው! እሷ ስታናፋ ጫካው ተናወጠ።

ጅብ በመስኮት ዘልሎ ገባ። «መጀመሪያ እኔ! የነገርኳት እኔ ነኝ!» ከዚያ ማን ያስነሳው? ይሸነፋል፣ እንደገና ይላል። ቀበሮ ውጭ ቆሞ ሚጥሚጣው እያስነጠሰው ቀረ።

ጩኸቱን ሰምቶ አንበሳ መጣ። ተጫወተ፣ ወደደው፣ ከት ብሎ ሳቀ። «ከዛሬ ጀምሮ ይህችን አህያ ማንም አይነካትም» አለ።

ቀበሮ ተሽቀዳድሞ «ንጉሥ ሆይ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት! ሁሉም እዚህ መጽሐፍ ውስጥ አለ» አለ።

«እንግዲያው አንተም በቃልህ ያዘው» አለው አንበሳ። ቀበሮ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አዛጋ።

ከዚህ የምንማረው አንበሳ «ልጄ፣ ይህን መጽሐፍ እንዴት ቻልሽው?» ብሎ ሲጠይቃት እመት አህዪት የመለሰችለትን ነው፦ «ንጉሥ ሆይ፣ እኔ የተማርኩት መጫወቻ ልሥራ ብዬ ነው፤ ልማር ብዬ ብቻ ብማርማ ኖሮ ይሄኔ አያ ጅቦ ጥርሱን እየጎረጎረ ነበር!»