ጅግራ የለካችው ዳርቻ

ተረት ተረት፣ ጆሮ ያለው ይጠጋ!

በአንዲት ጅረት ዳር የሚኖሩ አራዊት ሕግ ነበራቸው አሉ። ከውሃው አሥር እርምጃ ድረስ ማንም አይቆፍርም፣ ቄጠማውንም አይነካም። ሕጉን ያወጣው ዝሆን ነበርና የለካው በራሱ እግር ነው።

ዝሆን ሲሞት ሆዳሙ ጃርት ለድንች መትከያ ዳርቻውን ቋመጠ። ጅግራን መቼም ታውቋታላችሁ፣ ያሞገሳትን ሁሉ ታምናለች።

«እሜቴ ጅግራ፣ አረማመድሽ እንዴት ያምራል! እስቲ አሥሯን ለኪልኝ» አላት።

እየተውረገረገች ለካች። «ይኸው፣ ልክ እንደ ሕጉ!»

እንቁራሪት ግን ደነገጠች። «ኧረ በፈጠራችሁ! ልጆቼ ገና ጭራቸውን አልጣሉም። ውሃው በአፈር ከተሞላ የት ይግቡልኝ?»

«አሥር ተባለ፣ አሥር ተለካ። ምን አነጫነጨሽ?» አላት ጃርት፤ መቆፈርም ጀመረ።

ክረምት ሲገባ የተቆፈረው አፈር ተንዶ ጅረቷን ደፈናት። የእንቁራሪት ልጆች ጭቃው ውስጥ ቀሩ። ጃርትና ጅግራ ወደ ሌላ ወንዝ ተሰደዱ።

እንቁራሪት ግን የትም አልሄደችም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የደረቀው ጭቃ ላይ ቁጭ ትላለች። አንዴ ትጮኽና ዝም ብላ ታዳምጣለች፤ ውሃው የሚመልስላት ይመስላታል።