ጭሱን የደፈነው ከሰል አክሳይ

አንድ ከሰል አክሳይ ነበረ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖር፤ ምሳውን ቆሞ ይበላል፣ ሰው ካገኘም ሰላምታውን ቶሎ ጨርሶ ያልፋል። የዓመት ቀለቡ ከአንድ ክምር ከሰል ነበር።

ከሰል ሲከሰል እንጨቱ ተከምሮ አፈር ይለብሳል። እሳቱ ከውስጥ ነው፤ ልየው ብሎ አፈሩን የገለጠ ነፋስ ያስገባና ሁሉን ያነደዋል። ስለዚህ በጎን ከተተወው ቀዳዳ የሚወጣውን ጭስ ያያሉ። ነጭና ወፍራም ከሆነ እሳቱ ዝግ ብሎ ነው የሚበላ፤ ሰማያዊ ሆኖ ከቀጠነ ግን ችኩል እሳት ነው። በዚያ አገር ደንብ፣ ጭሱ የተለወጠበት ሰው ወደ ሸለቆው ይጣራል፤ ሌሎቹ አክሳዮች መጥተው እርጥብ አፈር ያለብሱለታል፣ አብረውትም ያድራሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዚህ ሰውዬ ጭስ ሰማያዊ ሆነ። እስከ ገደሉ አፋፍ ሄደ፤ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። «አሁን ሰው ምን አስቸግራለሁ?» አለ ለራሱ። ቤቱ ቢገባም ያ ጭስ በበሩ ይታየዋል፤ ዕረፍት ነሳው። ወጣና በደጁ በኩል ያለውን ቀዳዳ በጭቃ ደፈነው። ጭሱ ጠፋ። ደስም ሳይለው አልቀረ። እሳቱ ግን እሱ በማያየው በጀርባ በኩል አፈሩን ሰንጥቆ ወጣ።

ጎረቤቶቹ ነበልባሉን አይተው እየሮጡ ሲደርሱ ክምሩ አመድ ሆኗል። አንዲቷ እያለከለከች፣ «አንተ ሰውዬ፣ አፍ አልፈጠረብህም?» አለችው።

ወንድም ጋሼ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ሐኪሙ ከምግብ ቧንቧህ በወሰደው ቁራጭ ላይ፣ ካንሰሩ ምግቡን የሚያቃጥልባቸውን ኢንዛይሞች እንመርምር ቢልህ፣ «የማያድነኝ ምርመራ ምን ሊረባኝ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እውነትህን ነው፣ አያድንህም። በሽታው ቸኳይ ይሁን ዘገምተኛ ይጠቁምሃል፤ እሱም ቢሆን ሊስት ይችላል። ግን ቸኳይ ከሆነ ሐኪሙም ይፈጥናል፣ እኔም ልብሴን ጠቅልዬ እመጣለሁ። ደግሞ ኢንዛይም ምን ያስፈራል? አንተ የምትፈራው ሰው መጥራት ነው። ሾርባ መዋጥ አቅቶህ ለልጆችህ «ደህና ነኝ» ትላለህ።

በል ስልኩን አንሳና ለታላቋ ደውልላት። ድምፅህ ቢሰለልም ግድ የለም፤ ልጅህ ናት፣ ትሰማሃለች።