ቅርንጫፉን ሳልቆርጥ አልበላም

አንድ ባለ ማንጎ ሰው ነበረ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፤ «አብሮ አደጌ ሠርጌ ሲቃረብ የእጮኛዬን ጠጪነት አንሥታ ፊት ለፊት ተናገረችኝ፣ ሌሎቹ ጓደኞቼ እልል ይላሉ፤ ትጠላኛለች ወይ?» ነው ያልሽኝ። እሱኑ ልመልስልሽ ነው፣ ስሚኝ።

ሰውየው ማንጎውን የተከለው የመጀመሪያ ልጁ የተወለደች ዕለት ነው። ልጅቱ አድጋ ተድራ ሄደች፤ ዛፉ ቀረለት። ዛፉም ሽቅብ አደገና መንደሩን ከሚያበራው የኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ተቃቀፈ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ወፍጮው እህሉን ውጦ መሃል ላይ ቀጥ ይላል፤ ሴቶቹ ግማሽ ዱቄት ግማሽ ጥሬ ተሸክመው እየተራገሙ ይመለሳሉ። እሱም አብሯቸው ይራገማል። የሚራገመው ግን ነፋሱን ነው።

ቅርንጫፍ የሚቆርጡ የመስመር ሠራተኞች በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣሉ። ሰውየው መላ ነበረው። መኪናቸው ገና ከመንገዱ ሳይታጠፍ ዶሮው ተሠርቶ፣ ጠላው ቀርቦ ይጠብቃል። «አረፍ በሉ እንጂ፣ ሥራው የት ይሄዳል፤ በሞቴ» ይላል። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ጠላ የጠጣ ሰው ደግሞ መሰላል አይወጣም፤ ቢወጣስ፣ አሁን ያጎረሰውን ሰው ዛፍ በምን ዓይኑ አይቶ ይቆርጣል? «ለከርሞ ያድርሰን» ብለው መርቀው ይሄዳሉ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ዛፌን በዶሮ ወጥ አዳንኩት እያለ በልቡ ይስቃል።

በአራተኛው ዓመት አዲስ አለቃ መጣ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው። ሠራተኞቹ የቤቱን ሙያ ያውቁታልና እጃቸውን ሊታጠቡ ተሰለፉ። አለቃው ግን አንጋጦ ዛፉን አየ። የላይኛው ቅጠል ጫፍ ጫፉ ተጠብሷል።

«ቅርንጫፉን ሳልቆርጥ አልበላም» አለ።

«እህሌን ናቅከው?»

«አልናቅሁም አባቴ። ቁርስ አልበላሁም፣ ሽታው ሊገድለኝ ነው። ግን ከበላሁ አልቆርጥም።»

«እንግዲያው ቁረጥ፤ እህሌን ግን አትቀምሳትም» አለ ሰውየው፣ ፊቱ ጠቁሮ። ሚስቱ ደብሪቱ ከጓዳ ሆና «ተው እንጂ፣ ሥራው ነው» ብትል ማን ይስማት።

አለቃው ደውሎ የመስመሩን ኤሌክትሪክ አስጠፋና ራሱ ዛፉ ላይ ወጣ። ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። መጋዙ በጮኸ ቁጥር ልጁን እንደገና ከቤቱ የሚወስዱበት ይመስለዋል። በመጨረሻ ትልቁ ቅርንጫፍ በገመድ ታስሮ ቀስ እያለ ወረደና እግሩ ሥር ተጋደመ። ሽቦውን ሲታከክ በኖረበት በኩል መዳፍ የሚያህል ጥቁር ቁስል አለ። በጣቱ ቢነካው ከሰል ነው። ጫፉ ላይ አንድ የበሰለ ማንጎ ተንጠልጥሏል።

ደብሪቱ ወጥታ አየችና ሳቀች። «ይቺን ጉድ! ጠዋት ለእንግዶቹ ስለቅም መልቀሚያው እንጨት አልደርስባት ብሎ ትቻት ነው። ከምሳ በኋላ በብረቱ ላወርዳት ነበር» አለች።

ሰውየው ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ረጅም ብረት አየ። ከዚያ ጥቁሩን ቁስል አየ። ሚስቱ ማንጎዋን በቀሚሷ እያበሰች ነበር። ያ ብረት ሽቦውን ቢነካ ኖሮ ከሰል የምትሆነው እሷ ነበረች።

ሲነሣ የእጅ ማስታጠቢያውን ማንቆርቆሪያ አንሥቶ ወደ አለቃው ሄደ። «እጅህን አምጣ፣ የማስታጥብህ እኔ ነኝ» አለ።

«አትቀምሳትም ብለውኝ አልነበር?»

«ዝም ብለህ ታጠብ።»

ወጡ ቀዝቅዞ ነበር፤ አለቃው ግን ሳህኑን ጠርጎ ጨረሰው። ዛፉም አልሞተ፤ በክረምቱ ወደ ጎን አቆጥቁጦ ሰፋ። ወፍጮውም የያዘውን እህል ሳይጨርስ መቆሙን ተወ።

እንግዲህ የወንድሜ ልጅ፣ እልል የሚሉልሽ እነዚያ በልተው የሄዱት ናቸው። ክፉዎች አይደሉም፤ የሠርግሽ ወጥ ሸቷቸው፣ አንቺን ማስከፋት ከብዷቸው ነው። አብሮ አደግሽ ግን ከመቀመጧ በፊት አንጋጣ አየችልሽ። እንደ ደብሪቱ ብረቱን ይዘሽ ወደ ሽቦው ልትወጪ መሆንሽን ያየች እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ሂጂና ቤትሽ ጥሪያት። እጇን ራስሽ አስታጥቢያት፤ ምሳው ሳይቀርብ ግን ያየችውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ትንገርሽ።