ቆርችና ብርብራ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሚስቱን በደለ። ሦስተኛዋ ልጃቸው እንደሱና እንደ እህቶቿ ቀይ ሳትሆን ጥቁር ሆና ብትወጣበት «የኔ አይደለችም» አለ በልቡ። ለዓመታት ሆዱ ውስጥ ይዞት ኖሮ፣ ልጅቷ የአባቷን እግር ለማጠብ ስትደርስ ነው ያወጣው። «ከፋሲካ በኋላ ይዘሻት ወደ ወላጆችሽ ትሄጃለሽ» አላት።

ሰውየው ንብ አናቢ ነበር፤ ዛፍን የሚያውቀው በአበባው ነው። አጥሩ ላይ ብርብራ ሐምራዊ፣ ግራር እንደ ጥጥ ብናኝ ያብባሉ፤ ንቦቹም ይወዷቸዋል። ቆርች ግን እሳት የመሰለ አበባውን የሚያወጣው ምንቃራቸው ረጅም ለሆኑ ወፎች ነው። ስለዚህ «ይሄ ባዳ» እያለ ሊቆርጠው ያስብ ነበር።

ሚስቱ ሙግት አልገጠመችም። ዛፎቹ አበባቸውን ሲያራግፉ ጠብቃ፣ ከሦስቱም የደረቀ ፍሬ ለቅማ ጭኑ ላይ ዘረገፈችለት።

«ፈልፍል።»

«ደግሞ ምን አመጣሽ?»

«ፈልፍል አልኩህ።»

ፈለፈለ። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ እንደ መቁጠሪያ የተቋጠረ ነው። ሲከፈቱ ግን ሁሉም እንደ ባቄላ ለሁለት ተሰነጠቁ፤ ዘሩም በአንድ ጠርዝ ተሰልፏል።

«የባቄላ ዘመዶች ናቸው» አለ፣ ሳይወድ።

«ታዲያ ቆርች ምነው ቀላ?»

«የሚጎበኘው ወፍ ነዋ።» ከአፉ አመለጠው።

እንግዲህ አያ ይግዛው፣ አንተም እንደዚህ ሰው ሚስትህን ወደ ወላጆቿ ልትመልስ ተነስተህ «ከአንድ ማኅፀን የወጡ ልጆች ለምን አይመሳሰሉም?» ብለህ ጠይቀኸኛል። የነዚህ ዛፎች አያት አንድ ነበረች። ወፍ በበዛበት ቀላ ያለው አበባ ብዙ ዘር አፈራ፤ ንብ በበዛበት ሐምራዊው። ዘመን በዘመን ላይ ሲደራረብ ፊታቸው ተለያየ፤ በፍሬያቸው ቅርፊት ውስጥ ግን ዛሬም ቤተሰብ ናቸው። ልጅም ፊቱን ከየቅድመ አያቱ ይለቃቅማል። አንተ አበባው ላይ ቆመህ ነው የፈረድከው።

ያም ሰው እንዳንተ ችኮ ነበር። ዘሩን ጭኑ ላይ እንደያዘ «የዛፉስ ይሁን፤ የልጅቷን በምን አውቃለሁ?» አላት። ያኔ ነው የመለሰችለት፦

«ማታ ማታ እግርህን ታጥብሃለች። አንድ ቀን አንተ የሷን ብታጥብ፣ የእናትህን ቆልማማ ጣት ታገኘው ነበር።»